የተቆላ ገብስ በሁለት ሳጥን፦ የጃፓን ወርኃዊ የጣፋጭ ጥቅልና የካዛንቺስ የቡና ቁርስ

በጃፓን ልዩ ልዩ አካባቢዎች የሚዘጋጁ መክሰሶችንና ጣፋጮችን በአንድ ሳጥን ሰብስቦ ለውጭ አገር ደንበኞች በየወሩ መላክ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ገደማ ወዲህ ራሱን የቻለ የንግድ ዘርፍ ሆኗል። ቦክሱ፣ ቶኪዮትሪትና ሳኩራኮ በዚህ ሥራ ከታወቁት መካከል ናቸው። ደንበኛው ዋጋውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ የሚደርሰውን ግን አይመርጥም። ሳጥኑ ሲከፈት ከሩዝ ብስኩቱ፣ አዙኪ ከሚባለው ቀይ ጥራጥሬ ከተሠራው ጣፋጭና ከከረሜላው ጋር አንዲት ቀጭን መጽሔት ትገኛለች። እያንዳንዱ ነገር ከየትኛው አውራጃ እንደ መጣ፣ ከምን እንደ ተሠራ፣ ከምን ዓይነት ሻይ ጋር እንደሚቀርብ የምታስረዳው እርሷ ናት።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፦ እንዲህ ያለው ሳጥን በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በካዛንቺስ፣ ከቡና ረከቦት አጠገብ ቢከፈት ቀማሹ በእርግጥ የሚያገኘው እንግዳ ነገር ምንድን ነው? በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መልስ ጣዕሙ ነው የሚል ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ማስረጃ ግን ወደ ሌላ ያመለክታል። በሳጥኑ ውስጥ ካሉት ነገሮች ብዙዎቹ በጥሬ ዕቃም ሆነ በአሠራር ለካዛንቺስ ባዕድ አይደሉም፤ እንግዳዋ ያቺ ቀጭን መጽሔት ናት።

ማኅበርና ሳጥን

በየወሩ አስቀድሞ መክፈልና የሚቀርበውን ሳይመርጡ መብላት ለአዲስ አበባ ነዋሪ አዲስ ሥርዓት አይደለም። በጽዋ ማኅበር አባላቱ በወር አንድ ቀን፣ በመረጡት የቅዱስ መታሰቢያ ዕለት፣ በየተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ለክፍለ ከተማው ስሙን የሰጠው የቅዱስ ቂርቆስ ወርኃዊ መታሰቢያ በ15 ይውላል። የዚያ ማኅበር አባል ወር በገባ በ15 ምን እንደሚበላ ሳይሆን በማን ቤት እንደሚበላ ነው የሚያውቀው። ተራው ሲደርስ እርሱም ለሌሎቹ ያበላል። ዕቁብም በሌላ ወገን ያንኑ ልማድ ያጸናል፦ ወቅቱን ጠብቆ መክፈል፣ ተራን በትዕግሥት መጠበቅ።

ልዩነቱ በሁለቱ ወገኖች ትውውቅ ላይ ነው። በማኅበር ጠላውን ማን እንደ ጠመቀ፣ ቆሎውን ማን እንደ ቆላ ተጋባዡ ያውቃል፤ የባለቤቷን እጅ ያውቃልና ጽሑፍ አያስፈልገውም። ሳጥኑ ግን ሠሪውንና በላተኛውን በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያራርቃል። ጉድለቱን የምትሞላው መጽሔቷ ናት፤ የአስተናጋጇን ቦታ ይዛ ትናገራለች።

ሳጥኑን ወደ ካዛንቺስ የማድረስ ነገር ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለብዙው ሰው ገና ከመነሻው በሩ ጠባብ ነው፤ የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ በዶላር የተተመነ ነገር ሁሉ በብር ሲቆጠር እጅግ ተወድዷል። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም የከተማው የፖስታ አሠራር በዋናነት የቆመው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በቤት አድራሻ ላይ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ቶኪዮ መብረር ከጀመረ ወዲህ ግን የመንገደኛ ሻንጣ ከማንኛውም ደንበኝነት ይልቅ ቀላል መንገድ ሆኗል።

ስኳሩ የት ነው?

የጃፓን ጣፋጭ ያለ ሻይ አይታሰብም። ከሻይ ጋር የሚቀርበውን ትንሽ ነገር ጃፓኖች ቻኡኬ ይሉታል፤ በአማርኛ «የሻይ ቁርስ» ቢባል ከትርጉሙ አይርቅም። አረንጓዴው ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ዱቄቱ በውኃ የሚመታው ማቻ ደግሞ ይመርራል። ስለዚህ ጣፋጩ ከሻይ በፊት ይበላና አፍን ያዘጋጃል። ዮካን የሚባለው፣ ከአዙኪ፣ ከስኳርና ካንተን ከተሰኘው የባሕር ተክል ሙጫ የሚሠራ ጠንካራ ጄሊ፣ ለብቻው ሲቀመስ ከልክ ያለፈ ጣፋጭ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ለብቻው እንዲበላ አልተሠራም።

በካዛንቺስ ሥርዓቱ ተገልብጦ ይገኛል። የቡና ቁርስ የሚባሉት ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ዳቦ ወይም ዳቦ ቆሎ በአብዛኛው አይጣፍጡም፤ ስኳሩ ያለው በስኒው ውስጥ ነው። ጃፓን ስኳሩን በሳህን፣ አዲስ አበባ በስኒ አስቀምጣለች ማለት ይቻላል። ሁለት ስኳር የተጨመረበት ቡና ይዞ ዮካን የሚቀምስ ሰው «ጣፋጩ ያንገፈግፋል» ቢል የፈረደው በጣፋጩ ላይ ሳይሆን በድርብ ስኳሩ ላይ ነው። ስኳር ከሌለው አቦል ጋር ግን ያው ዮካን ከማቻ ጋር የሚሠራውን ሥራ በትክክል ይሠራል። በአንጻሩ ሰንቤ፣ ማለትም ሶያ ሶስ ተቀብቶ የሚጠበሰው ጨዋማ የሩዝ ብስኩት፣ ስኳር በገባበት ቡና ላይ ያለ ምንም ችግር የቆሎን ቦታ ይወስዳል። ይህን ያላገናዘበ የቅምሻ ጥናት የምግቡን ሳይሆን የመጠጡን ውጤት ይመዘግባል።

የባዕድነት ነገርም በጥንቃቄ መታየት አለበት። በሳጥኖቹ ውስጥ እንደ ጥንታዊ የጃፓን ጣፋጭ የሚቀርበው ኮንፔይቶ፣ እንደ ኮከብ የሾለ ትንሽ የስኳር ፍሬ፣ ስሙን ያገኘው ከፖርቱጋልኛ ነው። የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ ሉዊስ ፍሮይስ እ.ኤ.አ. በ1569 ለኦዳ ኖቡናጋ እንዳበረከተለት ይነገራል። ካስቴላ የሚባለው ኬክም በዚያው መንገድ የገባ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች በኢትዮጵያም ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ሥር የሰደዱት ጣፋጮች ግን ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የጣሊያንን ስም ይዘው የመጡት ናቸው፦ ቦምቦሊኖ፣ ቶርታ፣ ብስኩት። «ከረሜላ» የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ካዛንቺስም ቢሆን ከጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተሰኘው ተቋም ስም የተወለደ ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች። ሰፈሩና ከረሜላው ስማቸውን ያገኙት ከአንድ ቋንቋ ነው። ዛሬ ቦምቦሊኖን ባዕድ የሚል የካዛንቺስ ልጅ አይገኝም፤ ኮንፔይቶን ባዕድ የሚል ጃፓናዊም እንዲሁ።

ገብስ

ከጃፓን ደረቅ ጣፋጮች መካከል ለኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ራኩጋን ነው። ዱቄት ከስኳር ጋር ይለወስና በተቀረጸ የእንጨት ቅርጽ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይደርቃል። ብዙውን ጊዜ ዱቄቱ የሩዝ ነው። በጉንማ ግዛት በምትገኘው በታቴባያሺ ከተማ የሚሠራው ዝነኛ ዓይነት ግን ሙጊራኩጋን ይባላል፤ «ሙጊ» ገብስ ነው። የሚዘጋጀውም ገብሱን ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ ከስኳር ጋር በመጠቅጠቅ ነው። የተቆላው የገብስ ዱቄት ለብቻው ሲሆን ሃታይኮ ይባላል፤ በሙቅ ውኃ በጥብጠው ወይም ለውሰው ይበሉታል።

ይህ በሶ ነው። በጥሬ ዕቃውም፣ በቅደም ተከተሉም፣ በአበላሉም በሶ ነው። የተቆላ ገብስ በአፍ ውስጥ የሚተወው ጭስ ጭስ የሚል መዓዛ፣ በምላስ ላይ የሚቀረው ደረቅ ዱቄታማነት፣ ውኃ የማስጠማቱ ነገር ሁሉ አንድ ነው። በሶ በውኃና በጨው፣ ሲገኝም በማር ተለውሶ ጭብጦ ይሆናል፤ ሙጊራኩጋን በስኳር ተለውሶ የአበባ ቅርጽ ይይዛል። በአርሲና በባሌ ኦሮሞዎች ዘንድ የታወቀው ጭኮ ደግሞ ሦስተኛው ወንድማቸው ነው፤ የተቆላው የገብስ ዱቄት በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ይታሻል።

ሦስቱም የሚቆሙበት የምግብ ሳይንስ ተመሳሳይ ነው። ቆላው ሁለት ሥራ ይሠራል፦ የእህሉን ስታርች በሙቀት በከፊል አብስሎ ዱቄቱን ያለ ተጨማሪ ማብሰል የሚበላ ያደርገዋል፤ እርጥበቱንም ያባርራል። ረቂቅ ተሕዋስያን ሊጠቀሙበት የሚችሉት የውኃ መጠን፣ በሙያው አጠራር የውኃ እንቅስቃሴ፣ ከ0.6 በታች ሲወርድ ባክቴሪያም ሆነ ሻጋታ ማደግ አይችልም። በሶ ከዚህ ወሰን በታች የሚቆየው በድርቀቱ ነው። ሙጊራኩጋን ስኳሩ የቀረችውን ውኃ ስለሚይዝበት፣ ጭኮ ደግሞ ቅቤው ዱቄቱን ሸፍኖ እርጥበት ስለሚከለክል ለብዙ ሳምንታት ይቆያል። የኢትዮጵያ የዘማችና የነጋዴ ስንቅ በዚህ መርህ ላይ የተሠራ ነው፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ ሁሉም የጉዞ ምግቦች ናቸው። ለመላክ የሚመች ምግብ በመሥራት ረገድ አገሪቱ ከማንም ትምህርት አልጠበቀችም።

የጃፓኑ ሠሪ የሚበልጠው ከቆላው በኋላ ባለው እርምጃ ነው። በሰንቤ ከረጢት ውስጥ የምትገኘው «አይበላም» የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ጥቅል እርጥበት ወይም ኦክስጅን ትመጥጣለች። በብረት ዱቄት አማካይነት ኦክስጅን የሚስበውን «ኤጅለስ» የተባለውን ዓይነት ሚትሱቢሺ ጋዝ ኬሚካል እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ አቅርቧል። የካዛንቺስ ቆሎ በክረምት እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል፤ ሱፍና ለውዝ የተቀላቀለበት ደግሞ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይሸታል። ለውዝ በአግባቡ ካልደረቀ ከሻጋታ የሚመነጨው አፍላቶክሲን ስጋትም አለ፤ ይህን ደግሞ ቆላ አያጠፋውም። እነዚህ ሁለት ችግሮች በአንዲት የታሸገች ከረጢትና በጥሩ ማከማቻ የሚቃለሉ ናቸው፤ ሳጥኑን የተለየ የሚያደርገው ዋናው ነገር በእነርሱ ላይ አያርፍም።

በሶ በሰዋስው ትምህርት ሳይቀር የታወቀ ምግብ ነው፤ ባለቤት፣ ተሳቢና ግስ ለማስረዳት አበበ ሲበላው ያልሰማ ተማሪ የለም። ሰዋስው ያከበረውን ገበያው እንደ ተራ ዱቄት በኪሎ ይሸጠዋል። ሙጊራኩጋን ግን ከከተማው ስም ጋር፣ በቅርጽና በወረቀት፣ ለወዳጅ የሚሰጥ ስጦታ ነው።

ጾምና የመለያ ጽሑፍ

የቂርቆስ ቀማሽ ሳጥኑን ሲከፍት የመጀመሪያ ጥያቄው «ይጣፍጣልን?» አይሆንም። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ወይም ሁዳዴ ከሆነ ጥያቄው «የጾም ነውን?» የሚል ነው፤ ሙስሊም ጎረቤቱም የራሱ ጥያቄ አለው። እዚህ ላይ ሳጥኑ በሁለት ይከፈላል። ጥንታውያኑ ጣፋጮች፣ ዮካን፣ ራኩጋን፣ ኮንፔይቶ፣ ተራው የሩዝ ሞቺ፣ ከሩዝ፣ ከጥራጥሬ፣ ከባሕር ተክልና ከስኳር ብቻ ስለሚሠሩ በአብዛኛው የጾም ናቸው፤ ካስቴላ በእንቁላሉ ምክንያት ከዚህ ይወጣል። ዘመናውያኑ በፋብሪካ የሚሠሩት ግን በወተት ዱቄት፣ በቅቤ፣ በእንቁላልና በጄላቲን የተሞሉ ናቸው። ጨዋማዎቹም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ቦኒቶ ከሚባለው ዓሣ የተቀመመ ማጣፈጫ ይገባባቸዋል፤ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር ባልተቋጨበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጄላቲን ከአሳማ የተገኘ ከሆነ ለሙስሊሙም ለኦርቶዶክሱም እኩል ነውር ነው። ሶያ ሶስ ሲብላላ በተፈጥሮው ጥቂት አልኮል ያበጃል።

የጃፓን ሕግ በታሸገ ምግብ ላይ የተወሰኑ የአለርጂ መንስኤዎች የግድ እንዲጻፉ ያዝዛል፤ ከእነርሱም መካከል እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ፣ ባክዊት፣ ለውዝ፣ ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና እ.ኤ.አ. በ2023 የተጨመረው ዋልነት ይገኛሉ። ጄላቲን የሚገኘው ቢጻፍ ይመረጣል በሚባለው ሌላ ዝርዝር ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ ዝርዝር ለጾመኛው ግማሽ መንገድ ብቻ ይወስደዋል፤ ወተትና እንቁላል መኖራቸውን ያረጋግጥበታል፣ ስለ ዓሣና ስለ ጄላቲን ግን ሙሉውን የጥሬ ዕቃ ዝርዝር ማንበብ ግድ ይሆንበታል፤ ያም በጃፓንኛ ነው። የመጽሔቷ ዋጋ እዚህ ላይ ከጌጥነት አልፎ ወደ ኅሊና ጉዳይ ይደርሳል። አንድ ጾመኛ ያልተጻፈበትን ጣፋጭ መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ቢያስቀምጥ ከጥርጣሬ መጠበቁ ነው።

የቦታ ስም

ጃፓኖች የአንድ አካባቢ የታወቀ ምርት ሜይቡትሱ ይሉታል። መንገደኛ ከሄደበት አካባቢ ለዘመድና ለሥራ ባልደረባ ይዞት የሚመለሰው ስጦታ ደግሞ ኦሚያጌ ነው። የወርኃዊው ሳጥን ንግድ ይህን የቆየ የመንገድ ልማድ ወደ ፖስታ ያሸጋገረ ነው፤ ያልሄደ ሰው ከሄደበት አገር ስጦታ ይደርሰዋል። በኢትዮጵያም ልማዱ አለ። ከሐረርና ከድሬዳዋ የሚመለስ ሰው ሐላዋና ሙሸበክ ሳይዝ አይመጣም። ከጣርማ በር ቁልቁል የሚወርድ አውቶቡስ ደብረ ሲና ሲቆም ሻጮች በመስኮት የሚያቀብሉት ቆሎ በአዲስ አበባ የሚታወቀው በከተማዋ ስም ነው። የደብረ ሲና ቆሎ ለሰሜን መንገደኛ ኦሚያጌ ነው፤ የሚጠቀለልበት ነገር ግን ስም የለበትም።

በካዛንቺስም የጣፋጭ ሳጥን ነበረ፤ አለም። ሱቅ በደረቴ የሚባለው ልጅ በአንገቱ ባንጠለጠላት መደብ ላይ ማስቲካ፣ ደስታ ከረሜላ፣ ሶፍትና ሲጋራ ደርድሮ ከካፌ በረንዳ ወደ ካፌ በረንዳ ይዞራል። ቆሎ የምትሸጠዋ ሴት በስኒ ሰፍራ ከአሮጌ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ጠቅልላ ትሰጣለች። ወረቀቱ ላይ ጽሑፍ አለ፤ የአንድ ተማሪ የሒሳብ መልመጃ እንጂ ስለ ቆሎው አይደለም። ይህ ለረጅም ጊዜ ችግር ሆኖ አያውቅም። ሻጯ በየቀኑ በዚያው ጥግ ትቀመጣለች፤ ደንበኛው ቆሎዋን ያውቃል፤ በማኅበር እንደሚሆነው ትውውቁ መለያውን ይተካል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በኮሪደር ልማት ምክንያት ሰፊው የካዛንቺስ ክፍል ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ሲዛወር የተነሣው ቤት ብቻ አልነበረም። ጥጎቹም ተነሥተዋል። ደንበኛዋ የሚያውቃት በቦታዋ እንጂ በስሟ ያልሆነች ሻጭ ቦታውን ስታጣ ዝናዋን ይዛ መሄድ አትችልም፤ ደንበኛውም የት እንደሚፈልጋት አያውቅም። የጃፓኑ ሳጥን ከጣዕም ጥያቄ ወጥቶ የከተማ ጥናት ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ትውውቅ በሚበተንበት ጊዜ ከሠሪው ጋር ተንቀሳቅሶ የሚሄድ የጽሑፍ መለያ ምን ይመስላል?

ለዚህ ኢትዮጵያና ጃፓን የሚጋሩት አንድ የፍርድ ታሪክ አለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ስሞችን በቡና የንግድ ምልክትነት በውጭ አገሮች ለማስመዝገብ በተነሣ ጊዜ በአሜሪካ ከስታርባክስ ጋር የተፈጠረው አለመግባባት እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት መቋጨቱ በሰፊው ይታወቃል። በጃፓን የሆነው ግን እምብዛም አይነሣም። የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ስሞች በጃፓን ከተመዘገቡ በኋላ የመላ ጃፓን ቡና ማኅበር «የቦታ ስሞች ናቸውና ምልክት ሊሆኑ አይችሉም» ሲል ተቃወመ፤ የጃፓን የፓተንት ጽሕፈት ቤትም ምዝገባውን ሰረዘ። ጉዳዩ በይግባኝ የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በተሰጠው ውሳኔ ስሞቹ ከየአካባቢዎቹ ለሚመጣው ቡና ምልክት ሆነው እንዲቆዩ ተደረገ። ጃፓን ራሷ እ.ኤ.አ. በ2006 ለአካባቢ ማኅበራት የጋራ የንግድ ምልክት ሥርዓት አበጅታ ነበር፤ የመልክዓ ምድራዊ መለያ ሕጓም እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ላይ ውሏል። የቦታ ስም ሀብት መሆኑን የቡና ገበሬ ከፍርድ ቤት ሰምቷል፤ ቆሎ ሻጯ ግን አልሰማችም።

የሕጉ በር ለእርሷም ዝግ አይደለም። የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የወል የንግድ ምልክትን ያውቃል፤ ይኸውም በአንድ ማኅበር የተሰበሰቡ አምራቾች በአንድ ስም የሚገለገሉበት ምልክት ነው። ከካዛንቺስ የተዛወሩ ቆሎ ቆይዎችና ዳቦ ቆሎ ሠሪዎች እንዲህ ያለ ማኅበር ቢያቋቁሙ የሰፈሩን ስም ይዘው በየሄዱበት መሸጥ የሚችሉበት ሕጋዊ መሠረት አለ። ለምዝገባው የሚጠየቀው ወጪና የጽሕፈት ሥራ ለአንዲት ሻጭ ከባድ ነው፤ ዕቁብ ለሚጥሉ ሃያ ሴቶች ግን የሚቻል ይመስላል።

በመጠቅለያው ላይ ሊሰፍር የሚገባው ዝርዝር ረጅም አይደለም፦ የገብሱ ዓይነትና የበቀለበት ወረዳ፣ የተቆላበት ቀን፣ ለውዝ ተቀላቅሎበት እንደ ሆነ፣ በዘይት ወይም በቅቤ ታሽቶ እንደ ሆነ፣ የቆላችው ሴት ስም። ከእነዚህ መካከል ሻጯ ከካዛንቺስ ወደ ሌላ ሰፈር ስለ ተዛወረች የሚለወጥ አንድም የለም።